አመድ የሚባለው ዛፍ

አሜሪካ ገብቼ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ከዛፍ ቆራጮች ጋር ነው። መጋዙን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የወደቀውን ቅርንጫፍ እየጎተትኩ ወደ መፍጫው ማሽን አስገባለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃችን ብርቱካናማ የሚረጭ ቀለም አስይዞኝ፣ በመንገዱ ዳር ያሉትን "አሽ" ዛፎች በሙሉ ምልክት አድርግባቸው ብሎኝ ሄደ። አሽ በእኔ እንግሊዝኛ አመድ ነው። የተቃጠለ ዛፍ ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞርኩ። በመጨረሻ መብረቅ የመታው የሚመስል ጥቁር ግንድ አገኘሁና እፎይ ብዬ ቀባሁት።

ሳቁ ለወራት አላባራም። ስሜ ራሱ "አሽ" ሆኖ ቀረ።

ከመካከላችን ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ጊዜ የቀራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው ሲስቁ አላየሁም (ዞር ብለው ስቀው ካልሆነ)። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ቀንበጥ ይዘው መጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝና "ቅጠሉን ተወው፤ የሚወጣበትን ቦታ እይ" አሉኝ። በአንደኛው ላይ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጥተዋል። በሌላው ላይ አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ ትንሽ ከፍ ብሎ በቀኝ፣ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። በዚያ አካባቢ ካሉት ትልልቅ ዛፎች አብዛኞቹ የሚፈራረቁ ናቸው። ጥንድ የሚያወጡት ጥቂት ናቸው፤ በብዛት የሚገኙት ሜፕል፣ አሽ፣ ዶግዉድና ሆርስ ቸስትነት ናቸው። አንዲት ጥያቄ ጠይቀህ አብዛኛውን ጫካ ከሐሳብህ ታስወጣለህ።

የኔ ችግር ግን ከዚያ የባሰ ነበር፤ ቅጠል የቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያስቃል፣ ግን እውነቴን ነው። የአሽ አንድ ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ በተደረደሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 በሚሆኑ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። እኔ እያንዳንዷን እንደ አንድ ቅጠል እቆጥር ነበር። ሂከሪ የሚባለው ዛፍም ቅጠሉ እንደዚያው የተከፋፈለ ስለሆነ፣ አንድ ግዙፍ ጤነኛ ሂከሪ ላይ በልበ ሙሉነት ብርቱካናማ ክብ አሰፈርኩበት። አዛውንቱ መጋዙ ሳይነሳ ደረሱ። ቀለሙን በቢላ ሲፍቁ ምንም አልተናገሩም፤ ያ ዝምታ ከሳቁ ሁሉ ይከፋ ነበር። ኋላ ላይ ነው ያሳዩኝ፦ እንቡጥ የሚገኘው እውነተኛው ቅጠል ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ ነው። በትንንሾቹ ክፍሎች ሥር እንቡጥ የለም። እንቡጡን ካገኘህ ቅጠሉ ከየት እንደሚጀምር አወቅህ፤ የሂከሪ እንቡጥ እየተፈራረቀ እንደሚሄድም ያኔ ይታይሃል።

ይህን ጨረስኩ ስል ቦክስ ኤልደር መጣ። ቅጠሉ የተከፋፈለ፣ አወጣጡም ጥንድ ጥንድ፤ ግን አሽ ሳይሆን ሜፕል ነው። ፍሬው ነው የሚያጋልጠው። እንደ ሜፕል ሁሉ ክንፋም ፍሬው ሁለት ሁለት እየሆነ ይንጠለጠላል፤ የአሽ ግን ነጠላ ነው፣ እንደ መቅዘፊያ።

ብርዱ ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ አሁንስ በምን ልለየው ነው ብዬ ነበር። እንዲያውም ያኔ ቀለለኝ። ቅጠሉ የወደቀበት ጠባሳና በላዩ የተቀመጠው እንቡጥ እዚያው ናቸው፤ ጥንዱ ጥንድ ነው፣ ተፈራራቂውም ተፈራራቂ። ብቻ አንድ ቀንበጥ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ከጥንዱ አንዱ ተሰብሮ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ሦስት አራቱን ማየት ነው።

ታዲያ አንድ ማታ በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ የአሽን ሳይንሳዊ ስም በስልኬ ፈለግኩ። ወገኑ ፍራክሲነስ፣ ቤተሰቡ ኦሌያሴ። ኦሌያ ደግሞ ወይራ ነው። ስወርድበት የነበረውን ፌርማታ አለፍኩት። በልጅነቴ የወጣሁበት ዛፍና በየቀኑ ወደ መፍጫው የምጨምረው ዛፍ ዘመዳሞች! ወይራስ ጥንድ ጥንድ ነው ወይስ ይፈራረቃል? ስንት ጊዜ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጬ፣ አላስታውስም። እትዬ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ወይራ አጠገብሽ አለ?"

"አንተ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ምን ነካህ? ደኅና ነህ?"

ሲነጋ ፎቶ ላከችልኝ። ጥንድ ጥንድ ነው።

በዚያው ሰሞን ግራርንም ፈልጌ ስሙ ተለውጦ አገኘሁት። አካሺያ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና በተካሄደው የዕጽዋት ሳይንስ ጉባኤ ለአውስትራሊያዎቹ ተሰጠ፣ በ2011 ሜልቦርን ላይም ጸና። የአፍሪካዎቹ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተብለው ተከፈሉ። የምደባው ምክንያት ገብቶኛል፤ ስሙ የሄደበት አቅጣጫ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም።

አሾቹ ለምን እንደሚቆረጡ ሳልነግራችሁ። ኤመራልድ አሽ ቦረር የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የምታብረቀርቅ አረንጓዴ ጢንዚዛ ናት ምክንያቷ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ መኖሯ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሽ ጨርሳለች። እጯ ከቅርፊቱ ሥር እየተጠማዘዘች ምግብ የሚተላለፍበትን ሽፋን ትበላለች፤ ዛፉ ከላይ ጀምሮ ይደርቃል። አድጋ ስትወጣ የምትተወው ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ግማሽ ክብ። አጠገቡ ያለውን ሂከሪ አትነካውም፣ ቦክስ ኤልደርንም እንደዚያው። በ2014 ግን ኦሃዮ ውስጥ ፍሪንጅ ትሪ የሚባል ትንሽ ዛፍ ውስጥ ተገኘች። እሱም ከወይራ ቤተሰብ ነው። በቤተ ሙከራ ደግሞ እጮቿ በራሱ በወይራ እንጨት ውስጥ አድገው ጢንዚዛ ሆነዋል። እኔ ቀለም ይዤ ወራት የፈጀብኝን ዝምድና እሷ በአፏ ታውቀዋለች። መፍጫው አጠገብ ቆሜ ይህን ሳስብ ትንሽ ተናደድኩባት፣ ትንሽም ቀናሁ።

አዛውንቱ ጡረታ ወጡ። ሂከሪው አለ፤ የተፋቀው ቦታ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ ቀርቶበታል።

ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ሕንፃ ለሥራ ገብተን መግቢያው ላይ በገንቦ የተተከለ ወይራ አየሁ። ልቤ ዘለለ። ጓደኞቼን ጠርቼ ስለ ዘመዴ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ቀንበጡን ያዝኩት። አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ ትንሽ ከፍ ብሎ በቀኝ። ደግሜ አየሁት፤ ሌላ ቅርንጫፍም ሞከርኩ። ከዚያ ቅጠሉን በጥፍሬ ጫን አልኩት።

ፕላስቲክ ነበር።