ለደምቢያ ዋልካና ለስሜን ድንጋይ አንድ ፒክአፕ

የምተዳደረው የውኃ ፓምፕ በመጠገን ስለሆነ መኪናዬን ከመሣሪያ ሣጥኔ ለይቼ አላያትም። ከጎንደር ተነሥቼ አንዱን ሳምንት በአዘዞ በኩል ወደ ቆላ ድባና ወደ ጎርጎራ እወርዳለሁ፤ ሌላውን ሳምንት ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደባርቅ እደርስና በስሜን ተራሮች አቋርጬ ወደ ጃናሞራ እዘልቃለሁ። እነዚህ ሁለት መንገዶች ከአንድ መኪና የሚፈልጉት ነገር እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። የደምቢያ ዋልካ ሐምሌ ላይ እንደ ሊጥ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይደፍነዋል፤ ስሜን ግን በስለታም ድንጋይ፣ በቁልቁለትና በሳሳ አየር ይፈትናል። ሃይሉክሴን ለሁለቱም እንድትሆን ለማሰናዳት ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከወጪው ግማሽ የሚሆነው እንደባከነ አሁን ስለገባኝ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላለው ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ የሆነውን እንደሆነ ጽፌዋለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ባለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሲሆን ቱርቦ የለውም። የፊቱም የኋላውም አክስል ወጥ ሆኖ በባሌስትራ (ክብደቱን በሚሸከም ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ላይ የተቀመጠ ነው። ኋላ የመጡት ፒክአፖች ከፊት በኩል እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ ተደርገው ስለተሠሩ አስፋልት ላይ የበለጠ ይመቻሉ፤ የእኔዋ ወገብ ብታደክምም ከእርሷ ላይ ምን ቢሰበር ደባርቅ ላይ የሚጠግነው ሰው አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ገንዘብ ያወጣሁት ለሚታየው ነገር ነበር። ከወፍራም ቱቦ የተበየደ የፊት መከላከያ አስገጠምሁ፤ ከጋቢናው በላይ ፖርቶ መጋላ፣ በእርሱም ላይ አራት ፓውዛ አስደረደርሁ። ፒያሳ ላይ ሳቆማት ሰው ዞር ብሎ ያያት ነበር፤ ያ ደግሞ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። አዘዞ ጋራዥ ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒክ ግን አንድ ጊዜ ዞረዋት ሲያበቁ «ልጄ፣ ይቺን ያሰናዳሃት ለሠርግ ነው ወይስ ለሥራ?» አሉኝ። ያን ቀን ተቀይሜ ሄድሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፊት ባሌስትራዎቹ ከክብደቱ የተነሣ ቀጥ ብለው ተዘረጉ፤ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር አክስሉ የሻንሲውን ላስቲክ ይመታ ጀመር። መከላከያውን አስፈትቼ ሸጥሁት፤ ከፓውዛዎቹም ለደባርቅ ጭጋግ የሚሆን አንድ ብቻ አስቀርቼ ዝቅ አድርጌ አሰርሁት። የጭጋግ መብራት ከላይ ከሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል እንጂ መንገድ አያሳይም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጎማው የመጣሁት፤ በእኔ ግምት ግን መነሻው ሊሆን የሚገባው እርሱ ነበር። ብዙ ሰው መኪና ከፍ ማድረግ ሲባል ባሌስትራ መቀየር ይመስለዋል። ባሌስትራ የሚያነሣው ሻንሲውንና ቦዲውን ነው፤ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ግን አክስሉ ላይ ስለሆነ ከጎማው በስተቀር የሚያነሣው ነገር የለም። የነበረው 205 አር 16 ጎማ ቁመቱ 73.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀየርሁት 235/85 አር 16 ደግሞ 80.5 ይሆናል። ልዩነቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው በግማሹ፣ ማለትም በሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ከሳንቃ በር ወዲያ ባለው ድንጋይ ላይ ግን ተፋቅቆ በማለፍና አለመነካካት መካከል ያለው ልዩነት ያው ነው። ሰፊውን 265/75 ያልመረጥሁት ቁመቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ጠባቡ ጎማ የላዩን ጭቃ ቆርጦ ጠንካራው መሬት ላይ ስለሚደርስ ነው። ነሐሴ ላይ የዋልካው ጭቃ ታች የለውም፤ በዚያ ወር የሚያዋጣው አለመሄድ ነው። በዚህ ለውጥ የፍጥነት መቁጠሪያው ተሳስቷል፤ 60 ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 66 ይጠጋል።

ጎማውን ያህል የጠቀመኝና ምንም ያህል ያላስወጣኝ ነገር ንፋሱ ነው። አስፋልት ላይ በ35 ፒ.ኤስ.አይ. እነዳለሁ፤ ከደባርቅ አልፌ ድንጋዩ ሲጀምር ግን ቆሜ ወደ 22 አወርደዋለሁ። ጎማው ሲለሰልስ ድንጋዩን እየታከከ ያቅፈዋል፤ መሬት የሚነካው ክፍልም ይረዝማል። ረዳቴ መጀመሪያ ያደረግሁትን ሲያይ የቀወስሁ መስሎት ነበር። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ሳይዙ ግን ይህን ማድረግ አይገባም፤ በዝቅተኛ ንፋስ አስፋልት ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ጎማው ግሎ ይፈነዳበታል።

የፍሬኑን ነገር ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ። ፓምፕና ቱቦ ስጭን ጀርባዋ እንዳይወርድ ብዬ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከጭነት መኪና የወጣ ሁለት ተጨማሪ ባሌስትራ ከኋላ አስጨመርሁ። ከፍ ብላ ቆመች፤ ባዶዋን ስትሆን እንደ ፍየል ትዘላለች እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አሮጌ ፓምፕና የብረት ቱቦ ጭኜ ከመካነ ብርሃን ስመለስ፣ ቧሂትን አልፌ ወደ ጨነቅ ቁልቁል ስወርድ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ የፍሬኑ ፔዳልም እየለሰለሰ ወደ ታች ይሄድ ጀመር። ካምቢዮውን አንደኛ ላይ አስገብቼ ጅብራ የበቀለበት ሜዳ ላይ እንደምንም አቆምኋት። የፊት ዲስኮቹ ላይ ጠብ ያደረግሁት ውኃ ተንጫጭቶ ጠፋ። የኋላዎቹን ታምቡሮች ግን ረዳቴ በመዳፉ ይዞ «ጋሼ፣ እነዚህ ቀዝቃዛ ናቸው እኮ!» አለኝ። ያን ሁሉ ጭነት ስታቆም የነበረው የፊቱ ፍሬን ብቻ ነበር ማለት ነው።

አዘዞ ስመለስ እኔም በተራዬ ጋሼ የምላቸው ሰው ከሥር ገብተው ምክንያቱን አሳዩኝ። በሃይሉክስ ሻንሲ ላይ የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ከእርሱ የወጣ ቀጭን ዘንግም ከኋላ አክስሉ ጋር ተያይዟል። መኪናው ሲጫን ጀርባው ዝቅ ስለሚል ዘንጉ ይንቀሳቀስና ቫልቩ ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላ ጎማዎች ቆልፈው እንዳይንሸራተቱ ግፊቱን ይቀንሳል። እኔ ጀርባዋን በባሌስትራ ስለሰቀልኋት ቫልቩ ግማሽ ቶን ተጭናም ባዶ ናት ብሎ ያስባል። መፍትሔው የዘንጉን መያዣ በተነሣው ልክ ከፍ አድርጎ ማሰር ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በዚያው የፍሬን ዘይት ላስቲኮቹን በረጃጅም አስቀየርሁ፤ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የድሮዎቹ እንደ ክራር አውታር ይወጠሩ ነበርና። የጭነት መኪናውን ባሌስትራ አውጥተን ለፒክአፕ በተሠራ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚያነሣ ተካነው። ከፊት በኩል ከባሌስትራው ሥር የብረት ጉማጅ አስገብቶ መስቀልን የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ፍሬን ሲያዝ ጉማጁ ተንሸራትቶ ቢወጣ አክስሉ ቦታውን ይስታል፤ መሪውም አብሮት ይሄዳል።

አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ዶፒያ በተመለከተ የሚያሳፍር ነገር ልናዘዝ። መጀመሪያ ዓመት ላይ ቆላ ድባ አካባቢ ዋልካ ውስጥ ገብቼ ዘንጉን ወደ ኤል 4 (በዝግታ ግን በከፍተኛ ጉልበት ወደሚያስኬደው ዶፒያ) ስቤ ሩብ ሰዓት ያህል ስቃትት የፊት ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም። በዚህ ሞዴል የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ማያያዣ አለ፤ «ፍሪ» ላይ ከሆነ ዶፒያው ቢገባም ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም። ወርጄ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ጭቃ ውስጥ ከትቼ ሁለቱንም ወደ «ሎክ» አዞርኋቸው። አሁን ጭቃው ሳይጀምር፣ ጫማዬ ንጹሕ እያለ አዞራቸዋለሁ።

ወንዝ መሻገርን በተመለከተ ሰው ሁሉ ስለ ስኖርክል፣ ለሞተሩ አየር ከላይ ስለሚስበው ቱቦ፣ ያወራል። እኔም አስገጥሜያለሁ፤ የጠቀመኝ ግን አየሩን ከፍ ካለ ቦታ ስለሚስብ የበጋውን አቧራ በመቀነሱ ነው። የፊልትሮው ቤትና የቱቦው መጋጠሚያዎች በደንብ ካልታሸጉ ለውኃ ዋጋ የለውም፤ ውኃ እንደ አየር አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምመዋል። ከዚያ ይልቅ ማንም የማያነሣው የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ነው። ዲፈረንሻል ስትሄዱ ይግላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በዘይት መከላከያ ላስቲኩ በኩል ውኃ ይስባል። አንድ መስከረም ላይ ጋሼ የኋላውን ታፖ ሲፈቱት የወረደው ዘይት ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ማኪያቶ መስሎ ነበር። እስከ ሞተሩ ክፍል የሚደርስ የናፍጣ ላስቲክ ገዝተን መተንፈሻዎቹን ከኮፈኑ ሥር አሰርናቸው። ከሁሉም ማሻሻያ በዋጋ የረከሰው ይህ ነው።

ሞተሩን አልነካሁትም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨነቅ 3,600 አካባቢ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙ በዚያው ልክ ይወርዳል። ናፍጣውን ከፖምፓው ላይ ጨምርለት ያሉኝ ነበሩ። የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ ቢጨመር የሚወጣው ጥቁር ጭስና ትርፍ ሙቀት ነው። ዳገቱን በኤል 4 በሁለተኛ ማርሽ እወጣዋለሁ፤ ቁልቁለቱንም በዚያው እወርዳለሁ፤ ጭላዳዎቹ እንኳ ቀድመውኝ ቢያልፉ አልናደድም።

ዊንች፣ ማለትም የተያዘ መኪና በገመድ የሚስብ ማሽን፣ አልገዛሁም። ለተጫነ ፒክአፕ 9,000 ፓውንድ፣ ማለትም አራት ቶን ያህል የሚስብ ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ደግሞ መከላከያውን አውርጄ ያቀለልሁት ያው የፊት ባሌስትራ ላይ ነው የሚያርፈው። በደምቢያ ሜዳ ገመዱን የማስርበት ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ አርሶ አደሮቹ ግን ሞፈር ቀንበራቸውን ትተው «አይዞህ» እያሉ ይደርሳሉ። ስለዚህ ጠንካራ ገመድ፣ አካፋና ሁለት ጣውላ ይዤ እወጣለሁ።

የቀረኝ አንድ ምኞት የኋላውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ዕቃ ነው፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ሌላው መሬቱን ይዞ እንዲገፋ። ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ባነሣባቸው ጆሯቸውን ወደ ግራው የፊት ጎማ አዘንብለው በእጃቸው አሽከረከሩት፤ «መጀመሪያ ይህን የሚያጉረመርም ኩሽኔታ እንቀይረው» አሉ። ሰኞ ጠዋት እወስዳታለሁ።