ደሴ ላይ ለልጆቼ የሥዕል መጽሐፍ እንዴት እንደማገኝ

ደሴ ፒያሳ ያሉትን መጽሐፍ መሸጫዎች ብትዞሩ አጋዥ መጽሐፍ በሽ ነው። የፊደል ገበታም አይጠፋም። ማታ ከልጅ ጋር ጋደም ብለው የሚያገላብጡት፣ ሥዕሉ ራሱ የሚያወራ መጽሐፍ ግን እምብዛም የለም። እኔ የማገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣና በስልኬ።

በሻንጣ ከመጡት አንዱ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ቂሉ ማሞ» ነው። ዮሐንስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳለ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ፤ ራሱ ጻፈ። ማሞ እናቱ የመከረችውን ሁሉ ያለቦታው የሚፈጽም ልጅ ነው። ትንሿ ልጄ ሥዕሉን አይታ እኔ ሳላነብላት በፊት ትስቃለች።

የበለጠ የወደድነው ግን የጄን ከርትዝ «እሳት በተራራው ላይ» ነው፤ በእንግሊዝኛ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ። ከርትዝ ልጅነቷን ያሳለፈችው እዚሁ አገራችን፣ ማጂ ነው። ሥዕሎቹ የኢ. ቢ. ልዊስ የውሃ ቀለም ናቸው። አንድ ድሃ እረኛ በስስ ልብስ ብርዳም ተራራ ላይ ለማደር ከሀብታም ጌታው ጋር ይወራረዳል። ከሩቅ የሚታይ እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው «እሳት ካየህማ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል።

እንግሊዝኛውን አላነብላቸውም። ቀን ብቻዬን አነበውና ማታ ሥዕሉን እያሳየሁ በራሴ አማርኛ አወራዋለሁ። ቃል በቃል እየተረጎሙ ማንበብ ልጅ ያስተኛል። (እሱም ቢሆን አንዳንድ ቀን ይጠቅማል።) ብርዱን ለደሴ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ወንዱን «ጦሳ ተራራ ላይ ታድራለህ?» ስለው «በጋቢ ነው ያለ ጋቢ?» ብሎ ድርድር ጀመረ። አያታቸው ደግሞ ተረቱን ድሮ ነው የምታውቀው። «ይሄ ሰውዬ እንዲህ በቀላሉ ነው የሚለቀቀው?» ብላ ተቆጣች። «እሺ እማዬ፣ አንቺ ጨርሺው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን የምታወራው እሷ ናት። ሀብታሙም በየጊዜው ቅጣቱ እየከበደ ነው።

የስልኩ መንገድ ርካሽ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ እና የሕንዱ አሳታሚ ፕራተም ቡክስ የከፈተው ስቶሪዊቨር የሚባሉት የልጆች ታሪክ ድረ ገጾች በአማርኛም ታሪኮች አሏቸው። ማውረድ ነጻ ነው፤ ማተምና ማባዛትም ይፈቀዳል። የአማርኛው ጥራት ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሴ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ምላሴ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ አስተካክላለሁ፤ ከበዛ እተወዋለሁ።

ፒዲኤፉን በቴሌግራም ለኮፒ ቤቱ እልካለሁ። ሽፋኑን በከለር፣ ውስጡን በጥቁርና ነጭ፣ በአንድ ኤፎር ላይ ሁለት ገጽ፣ ከዚያ ስቴፕለር። ለዚህ የሚሆነው በቀጭን መስመር የተሣለ ነው። የሌሊት ትዕይንት የበዛበት መጽሐፍ ሲታተም ጥቁር በጥቁር ይሆናል፤ ቀለሙም ያልቃል፣ ኮፒ ቤቱም ያኮርፋል። መስመር ብቻ ሲሆን ልጆቹ ራሳቸው ያቀልሙታል። ቤታችን ውስጥ ሐምራዊ ጅብ አለ።

ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲለኝ አሁን የምጠይቀው ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ ነው። የጃፓናዊው ሚትሱማሳ አኖ «የአኖ ጉዞ» እንደዚያ ነው፤ አንድ ፈረሰኛ አውሮፓን ያቋርጣል፣ አንድም ቃል የለም። በየገጹ ፈረሰኛውን ከሰው መሃል መፈለግ ነው። ቋንቋ አያጣላም፣ ዕድሜ አይመርጥም፤ ልጆቹ ከኔ ቀድመው ያገኙታል፣ እሱ ትንሽ ያበሽቃል።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ለልጆቿ ስትጠይቀኝ ኮፒዎቹን በሚኒባስ እልክላታለሁ። ዋናዎቹን መጻሕፍት ግን መሃል ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት አላሻግርም፤ የፈለገ እዚህ መጥቶ ያንብብ።