ትራሴን ይዤ ከዚራ

ሰው ሁሉ «ልብሽስ እንዴት ነው?» ይለኛል። ልቤ ደህና ነው። ከተሠራ ወዲህ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አጥንቴ ነው። ስለሱ ግን ከአንድ ሰው በቀር የጠየቀኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ቶሎ ቶሎ ያመኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ «ቶንሲል ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር። በባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ካልታከመ፣ አንዳንድ ልጅ ላይ ሰውነት ተሳስቶ ራሱን ይዋጋና የልብን በር ያቆስላል። የኔው ቁስል ዝም ብሎ ዓመታት ቆይቶ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ እየመረጥኩ እንኳ መሄድ ሲያቅተኝ ታወቀ። ሚትራል የሚሉት የልብ በር ጠቧል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋሁ፣ ወረፋ ጠበቅኩ፣ ዘንድሮ ከጥምቀት ማግስት አዲስ አበባ ላይ በሩ በሰው ሠራሽ ተቀየረልኝ። የልቤ ታሪክ ይኸው ነው፤ አበቃ።

አሁን ወደ አጥንቱ።

እጃችሁን ደረታችሁ መሃል ላይ አድርጉ። ከአንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጀምሮ ወደ ሆድ የሚወርድ ጠፍጣፋ አጥንት አለ። የጎድን አጥንቶች ከፊት የሚገናኙት እሱ ላይ ነው። ሐኪሞቹ በሦስት ይከፍሉታል፤ ላይ ሰፊ ራስ፣ መሃል ረጅም ገላ፣ ታች ደግሞ ትንሽ ጫፍ። ጫፏ መጀመሪያ ልም አጥንት ናት፣ ሰው ሲጎለምስ ነው የምትጠነክረው። ጎረቤታችን ያለ አንድ ቀጭን ልጅ ባለፈው ዓመት ይቺን ጫፍ ዳስሶ አገኛትና «እጢ አወጣሁ፣ አለቀልኝ» ብሎ ሰፈሩን አሸበረው። ሐኪሙ የራሱን ደረት ነካ አድርጎ «እኔም አለችኝ» ብሎ ሸኘው።

አማርኛ ለዚህ አጥንት ጥሩ ስም አለው፤ ፍርምባ። ግን የምንጠራው የከብቱን ብቻ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይም ለአሮንና ለልጆቹ የሚሰጠው የመሥዋዕቱ ፍርምባ ነው። የሰው ሲሆን «የደረት አጥንት» ብለን እናከብረዋለን። እኔ ከተሰፋሁ በኋላ «ፍርምባዬን አመመኝ» ማለት ጀመርኩ። እናቴ አልወደደችውም። «በሬ ነሽ እንዴ አንቺ?» አለችኝ።

ልብ ጋ ለመድረስ ይህን አጥንት ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል ይሰነጥቁታል። በመጋዝ። ትንሽ የሞተር መጋዝ ናት። ከዚያ ሁለቱን ወገን ከፍቶ በሚይዝ ብረት ለይተው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሲጨርሱ ገጥመው በማይዝግ ሽቦ ያስሩታል። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳኝ እኔ መጋዟ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ለታላቅ ወንድሜ ነው ደግሞ የነገረው።

የቀዶ ጥገናው ዋዜማ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ አነበብኩ። አጥንቱን እንዲህ መሃል ለመሃል መክፈትን በ1897 እ.ኤ.አ. የጻፈው ካይሮ ይሠራ የነበረ ሄርበርት ሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም፤ ባቡሩ የደረሰው በ1902 ነው። የሚልተን መንገድ ግን ለልብ ሥራ እስኪለመድ ስድሳ ዓመት ገደማ ፈጀ። ኦርማንድ ጁሊያን የሚባል አሜሪካዊ በ1957 ከነጓደኞቹ ለልብ ቀዶ ጥገና ይህ ይሻላል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ደረትን ከጎን ወደ ጎን ነበር የሚከፍቱት። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት መጋዟ ካይሮን ያህል ቅርብ አገር ላይ መጀመሯ ይሆናል።

ከሆስፒታል ስወጣ የመጠንቀቂያው ዝርዝር ረጅም ነበር። ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሺ። በር በጉልበት አትግፊ። ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ አትስቀዪ። በጀርባሽ ተኚ። ከአልጋ ስትነሺ በክንድሽ አትደገፊ፣ በጎን ተንከባልለሽ እግርሽን አውርጂ። አጥንቱ እስኪያያዝ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በደንብ እስኪጠና ሦስት ወር። ስታስይ፣ ስታስነጥሺ፣ ስትስቂ ደግሞ ትራስ አቅፈሽ ደረትሽ ላይ ጫን አድርጊ።

ትራሷ ትንሽ ናት። ነጭ ጨርቅ፣ ጫፏ ላይ ሰማያዊ ጥልፍ። ነርሷ እጄ ላይ ስታስቀምጣት ቀልድ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያሳለኝ ቀን ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ። ደረቴ ለሁለት የተከፈለ መሰለኝ፤ እውነትም ተከፍሎ ነበር ለካ።

አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ሽቦዎቼ ያስጮሁታል ብዬ ወረቀቴን በእጄ ይዤ ቀረብኩ። ዝም አለ። ቅር አለኝ ማለት ይቻላል።

ድሬ ስገባ የካቲት ነበር። ሙቀቱ መጀመሩ ነው። መጀመሪያ የፈተነኝ ባጃጅ ነው። ድሬ ያለ ባጃጅ ድሬ አይደለችም። ደረትህ በሽቦ ሲታሰር ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ፣ እያንዳንዱን የፍጥነት መቀነሻ በስም ታውቀዋለህ። ትራሴን በሁለት እጄ አቅፌ «ወንድሜ፣ ቀስ በልልኝ፣ ቀዶ ጥገና ነኝ» እላለሁ። አንዱ ዞር ብሎ ትራሷን አየና «አቦ አይዞሽ! እንቅልፍ ከመጣሽ ተኚ፣ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ» አለኝ። ሳቄ መጣ። እንባዬም አብሮ መጣ። ከዚያ ከዚራን በእግሬ ከነትራሴ ማቋረጥ መረጥኩ። መራመድ ሐኪሞቹም የሚያዙት ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ግን «ሴትዮዋ ትራሷን ይዛ ወጣች» እያሉ እስከ ታክሲ መያዣው ሸኙኝ።

ሰላምታው ሌላ ጉድ ነው። እኛ አገር ሰው በትከሻ ነው የሚገናኘው። የናፈቀሽ ሰው ደግሞ ትከሻሽን ገጭቶ፣ ሳብ አድርጎ፣ ጀርባሽን ደልቆ ነው የሚለቅሽ። እናቴ ሳሎን በር ላይ ቆማ «በእጅ ብቻ! በእጅ ብቻ!» እያለች እንግዳ ታስተናግድ ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ጠባሳው ላይ የሚቀባ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ቁስሉ ላይ ምንም እንዳይነካ ተብዬ ነበርና ቅቤው ወጥ ገባ። ጠባሳው ያም ሆኖ ላይኛው በኩል አበጥ፣ ጠንከር ብሏል። ኬሎይድ ይባላል፤ ደረት መሃል ላይ፣ በተለይ እንደኛ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል። ድሪያ ስለብስ ይታያል። ይታይ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሳቅ ነው። በድሬ ልጆች መሃል ሳይስቁ መኖር አይቻልም። ታናሽ ወንድሜ ቁም ነገር መናገር አይችልበትም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ያስቃል። ሁለት ሳምንት እኔ ክፍል እንዳይገባ አገድኩት። በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ምንም አልናገርም፣ ላይሽ ብቻ ነው» ይላል። እሱም ያስቀኛል። ትራሴን ጨምድጄ «ውጣልኝ!» እላለሁ።

አጥንቴን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ ጋ የሚመጣ ሽማግሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ገና ሲገባ በእጅ ጨብጦኝ «ስታስነጥሺ እንዴት ያደርግሻል?» አለኝ። ደነገጥኩ። ለካ እሱም የዚህ ማኅበር አባል ኖሯል። ከዓመታት በፊት ከሐረር ሲወርድ ደንገጎ ላይ ከሌላ መኪና ተጋጭቶ ደረቱን መሪው መታው። አጥንቱ አግድም ተሰነጠቀ። ወጌሻ ዘንድ ሊሄድ ሲል ልጆቹ እምቢ ብለው ሆስፒታል ወሰዱት። ደረቱን ከጎን ራጅ አነሱት፤ ከፊት ሲነሳ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ አይታይም አሉት። ከዚያ የልብ ምርመራ። አጥንቱን የሰበረ ምት ከኋላው ያለውን ልብም ሊያደቅቀው ስለሚችል ነው። እሱ ልቡ ደህና ነበር። እንደ እሱ ያለው ስብራት አብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ ማስታገሻ ሰጥተው ላኩት።

«ጋሼ፣ ታዲያ ሕመሙን እንዴት ቻሉት?» አልኩት።

«ሕመሙንስ ፈርቼ ትንፋሼን ቆጥቤ ነበር። ስህተት ነው። አሞሽም ቢሆን ረጅም ተንፍሺ፣ አክታውንም አውጪው። አለበለዚያ ሳንባሽ ላይ ተኝቶ ምች ይሆንብሻል።»

ነርሷም ይህንኑ ነበር ያለችኝ። ከሱ አፍ ግን ሌላ ሆኖ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ እየቆጠርኩ በረጅሙ መተንፈስ ያዝኩ።

አንድ ሌሊት ግን ፈራሁ። አሁን ደረቴ ውስጥ አንድ ድምፅ አለ። ጸጥ ሲል ሰው ሠራሹ በር ሲዘጋ ይሰማኛል፤ ቲክ፣ ቲክ፣ እንደ እጅ ሰዓት። እሱን ለምጄዋለሁ፣ ያስተኛኛል። ያን ሌሊት ግን ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ቬንትሌተሩን ላዞር ስዘረጋ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። ከላይ በኩል ነው። ሁለቱ ድምፆች አንድ አይደሉም። ስወጣ «አጥንቱ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ሲንቀሳቀስ ከተሰማሽ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ» ብለውኝ ነበር። ሽቦው ላልቶ አጥንቱ ሊለያይ፣ ኢንፌክሽንም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እስኪነጋ ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ። ሐውልት ነበር የምመስለው።

ጠዋት እዚሁ ከተማ ሐኪም ጋ ሄድኩ። መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ «አስዪ» አለኝ። አሳልኩ። «ድገሚ።» ደገምኩ። ከዚያ ራጅ። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየኝ። ሰባት ናቸው። ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ዞረው፣ መሃል ላይ ተጠምዝዘው፣ ጫፋቸው ታጥፎ። አፉ የተሰፋ የከሰል ማዳበሪያ ነው የሚመስለው። እንዳይላላ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ። «አንዱም አልተበጠሰም፣ አንዱም ቦታውን አልለቀቀም» አለ። ድምፁ የጎድን አጥንት ከደረቱ አጥንት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ሽቦዎቹ ዕድሜ ልኬን እዚያው ይቆያሉ፤ የሚወጡት ከወጉ ወይም ካስቸገሩ ነው። ፊልሙን ለእናቴ ሳሳያት ጣቷን እየደረደረች ቆጠረቻቸውና «ሰባት፣ ጥሩ ቁጥር ነው» አለች። ለሷ ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ሁዳዴን አልጾምኩም። ንስሐ አባቴ «አጥንት የሚያያዘው በምግብ ነው፣ ብዪ» ብለው ፈቀዱልኝ። ጎመን ግን በልክ ነው። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከጎመን ጋር አይስማማም፤ አንድ ቀን አብዝቶ ሌላ ቀን መተው ነው የሚከፋው ብለውኛል።

ፋሲካ ሲደርስ አሥራ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ቅርጫ ታረደ። አጎቴ ነው ሁልጊዜ የሚከፋፍለው። ሸሚዙን አውልቆ፣ ቅጠል ላይ መደቡን ደርድሮ፣ ፍርምባው ጋ ሲደርስ ፋሱን አነሳ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ወንዶቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። አጥንቱ ድም ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጠርዙ ቀይና ባለ ቀዳዳ ነው፤ እንደ ስፖንጅ። የኔም እንዲህ ነበር ማለት ነው። አጎቴ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በሬውን አየው።

«አንቺ ስንት ዓመት ወረፋ ጠበቅሽ?» አለኝ።

«ሦስት።»

ሁለቱን ግማሽ ብድግ አድርጎ ለሰው ሁሉ አሳየ። «ይሄን እድለኛ እዩት! ያለ ወረፋ!»

እናቴ የሳቁን ድምፅ ሰምታ ትራሷን ይዛ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። አጠገቤ ደርሳ ቆመች። እኔ ወገቤን ይዤ ገና እየሳቅኩ ነበር።