የጠፋኝ 2008

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። እኔ ከአገር ስወጣ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበር። "እህት ዓለም እንደምን ከረምሽ? ግራፍ እየሳልሽ ዩሮ እንደሚከፍሉሽ እትዬ ነገሩኝ። እውነት ነው እንዴ? እኔ እኮ ፎቶሾፕም ካንቫም አሳምሬ ነው የምችለው። እንዴት ብዬ ልምጣ?"

ወዲያው ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። ደግሜ ጀምሬ ደግሜ አጠፋሁት። "አዎ፣ ይከፍሉኛል" ብል እውነት ነው። ግን እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ይህን ልጅ "ና" ማለትም "አትምጣ" ማለትም አልቻልኩም። ስለዚህ ለእሱም ለሌሎቻችሁም እዚሁ ልጻፈው።

የምኖረው በርሊን ነው። ስራዬ ዳታ ቪዥዋላይዜሽን ይባላል፣ የምሰራውም በፍሪላንስ ነው። ድርጅቶች ቁጥር የታጨቀበት ፋይል ይልኩልኛል፣ እኔ ሰው አይቶ የሚረዳው ካርታና ግራፍ አድርጌ እመልስላቸዋለሁ። የማስታወቂያና የሽያጭ ስራ አልቀበልም። ድርቅ፣ የደን ጭፍጨፋ፣ ንጹህ ውሃ፣ ስደት፣ በወሊድ የሚሞቱ እናቶች፣ የእኔ ስራ በዚህ ላይ ነው። በዚህ እኮራለሁ። ብዙ ገንዘብ የለውም፣ ግን ማታ ስተኛ ምን እንደሰራሁ አውቃለሁ።

በ1900 እ.ኤ.አ. ዱ ቦይስ የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ከአትላንታ ተማሪዎቹ ጋር በእጅ የሳሏቸውን ግራፎች በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ አቀረበ። የጥቁሮች ትምህርት፣ መሬት፣ ስራና ቤተሰብ በቁጥር ተሰልቶ፣ በቀይና በጥቁር፣ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም ደምቆ። ባሪያ ከነበሩ ሰዎች የተወለዱ ልጆች የራሳቸውን ሕዝብ ራሳቸው ቆጥረው፣ ራሳቸው ስለው ለዓለም አሳዩ። እነዚያን ግራፎች መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን "እኔም የአገሬን ነገር ራሴ ነኝ የምስለው" አልኩ። በዚህ ስሜት ነው ያ ስራ የመጣልኝ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በምስራቅ ኢትዮጵያ ስላሉ ወረዳዎች ሪፖርት ያዘጋጅ ነበር። ዝናብ፣ የእህል ዋጋና የተረጂ ቁጥር፣ ሶስቱም በአንድ ግራፍ ላይ እንዲታዩ ፈለጉ። ዝናቡን ከቺርፕስ ወሰድኩ። ቺርፕስ የሳተላይት ምስልንና የምድር ዝናብ መለኪያን አዋህዶ የሚሰራ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው ዳታ ነው። የእህሉ ዋጋ የዓለም ገበያ ነው። የተረጂው ቁጥር ግን ከወረዳ የመጣ ኤክሴል ነበር፣ ከ2000 እስከ 2010፣ አስራ አንድ ዓመት።

ከብዙ አመልካች መሀል የመረጡኝ ኢትዮጵያዊት ስለሆንኩ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ "አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው የፈለግነው" አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ "ከየት ነሽ?" ሲሉኝ እንደ ጉድለት እየቆጠርኩ ስመልስ የኖርኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ሆነልኝ።

ፋይሉን ስከፍት ከላይ ሁለት ረድፍ የአማርኛ ጽሑፍ ነበረው። እንዲህ ያለ ረድፍ ኮድ ላይ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ሁሌም እንደማደርገው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ዝለል ብዬ አስገባሁት። ከዚያ ሶስቱን ፋይሎች "ዓመት" በሚለው ኮለም አገናኘኋቸው። 2008 ከ2008፣ 2009 ከ2009። ኮዱ ያለ አንዳች ቅሬታ አለፈ። ኮምፒውተር ዓመተ ምሕረት አያውቅም፣ ለእሱ ሁለቱም ያው ቁጥር ናቸው።

ግራፉ ወጣ። በ2008 ላይ የተረጂው መስመር እንደ ተራራ ሽቅብ ወጥቷል። በዚያው ዓመት የዓለም የእህል ዋጋም ሽቅብ ወጥቷል፣ 2008 እ.ኤ.አ. በየአገሩ የእህል ዋጋ የተሰቀለበት ዓመት መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። የዝናቡ መስመር ግን ብዙም አልወረደም። ሶስቱ ሲገጣጠሙ ልቤ ዘለለ። "ዝናብ ሳይጠፋ የገባ ረሃብ" የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ድሃው ገበሬ ሰማይ ሳይጨክንበት የዓለም ገበያ እንዴት እንዳስራበው የሚያሳይ ግራፍ መስሎኝ ሌሊቱን ቀለሙን ሳሳምር አደርኩ።

እውነቱን ለመናገር አንዴ ጠርጥሬ ነበር። መስመሩ የሚያልቀው 2010 ላይ ነው፤ ሪፖርታቸው ደግሞ እስከ 2018 ይሄዳል። "ለምን እዚህ ላይ ቆመ?" ብዬ ልጽፍላቸው ኢሜይል ከፍቼ ነበር። ግን አገሩን ታውቃለች ተብዬ ተቀጥሬ፣ ስለ አገሬ ፋይል ፈረንጅ ልጠይቅ? ይሉኝታ ያዘኝ። ኢሜይሉን ዘጋሁት።

ስብሰባው በዙም ነበር፣ ዘጠኝ ሰው። ስክሪኔን አጋርቼ አስረዳሁ፣ ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ አደነቁ። መጨረሻ ላይ ለሶስት ወር ልምምድ የመጣች ልጅ እጇን አነሳች። "ይቅርታ፣ በ2015 ዝናቡ ወለል ነክቷል፣ የኤልኒኖ ዓመት ነው። የተረጂ ቁጥር ግን ለዚያ ዓመት የለም። ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመት የሚቆጠረው በሌላ አቆጣጠር አይደለም? ለጉብኝት ልሄድ ሳስብ አንብቤ ነበር።"

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ስክሪኔ አሁንም ለሁሉም ይታያል። ኤክሴሉን ከፈትኩት። የዘለልኳቸው ሁለት ረድፎች እዚያው አሉ። በመጀመሪያው ላይ፣ በደማቁ፣ በአማርኛ፣ "የተረጂዎች ብዛት በበጀት ዓመት" ይላል። ከጎኑ "ዓ.ም." የሚሉ ፊደሎች። በዚያ ስብሰባ ላይ ከነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ያንን ረድፍ ማንበብ የምትችለው አንዷ እኔ ነበርኩ። የጣልኩትም እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ኃላፊዋ ድምጿን ሳትቀይር "አንቺን የቀጠርንሽ እኮ ለዚህ ነበር" አለችኝ።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም አልመለስኩም። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ለቅሶ አገሬን ጥዬ ስወጣ እንኳ አላለቀስኩትም።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይወጣል። ስለዚህ የ2008 በጀት ዓመት ማለት በፈረንጅ ከጁላይ 8 ቀን 2015 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2016 ነው። ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ መገላገል አይሆንም፣ ዓመቱ ሁለት ዓመት ላይ ተከፍሎ ይቀመጣል። ወር በወር ከተሰራ ደግሞ ጳጉሜን አለች፣ ግራፉ ላይ ለብቻዋ ዓምድ ከተሰጣት አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ሁልጊዜ ድርቅ ትመስላለች። ሶስት ሌሊት ያለ ክፍያ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። መስመሮቹ ቦታቸው ሲገቡ የ2015 ክረምት ዝናብ ቁልቁል ወረደ፣ የተረጂው ቁጥር ደግሞ እግር በእግር ተከትሎ ወጣ። ያ ሁሉ ያማረ ርዕስ ውሸት ነበር። ረሃቡ የገባው ዝናብ ጠፍቶ ነው።

ስለ ጀርመኖች የሚባለው እውነት ነው፣ ስህተትህን ፊት ለፊት፣ ሰው መሀል ይነግሩሃል። እኛ ብንሆን ስብሰባው ሲያልቅ ለብቻ ጠርተን፣ ከዚያም በሌላ ሰው በኩል፣ ከዚያም ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ነበር የምንናገረው። ያኔ በጣም ተናድጄባቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን እኛ ዙሪያውን እስክንዞር ያ ግራፍ ታትሞ ይወጣ ነበር። ያቺ ልጅ ይሉኝታ ቢይዛት ኖሮ ስለ አገሬ ረሃብ ውሸት የጻፍኩ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። በእነሱ የማዝነው በሌላ ነገር ነው፣ ያ ሁሉ ግልጽነት የእኔን ኢንቮይስ ለመክፈል ጊዜ ሲደርስ የለም። ለሁለት ወር ተኩል ሶስት ጊዜ አስታውሼ ነው የከፈሉኝ።

ከዚያ በኋላም በዚያው ሪፖርት ላይ አንድ ጊዜ ተከራከርኩ። በ2008 ዓ.ም. መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች በጋራ ባወጡት ሰነድ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ነበር፣ በሴፍቲኔት የታቀፉት ሳይጨመሩ። አንድ ነጥብ ለአንድ ሺህ ሰው ብዬ 10,200 ነጥብ አደረግሁት። "10 ሚሊዮን ይሁን፣ ለአንባቢ ይቀላል" አሉኝ። በዚያ ውርደት ማግስት "አይሆንም" የምልበት ፊት አልነበረኝም። ግን ስክሪኑ ላይ ከታች ጥግ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠፋሁላቸው። አንድ ነጥብ በጠፋ ቁጥር አንድ ሺህ ሰው ነው። ሰላሳ ያህል ሳጠፋ ኃላፊዋ "በቃ፣ ተይው" አለች። 10.2 ሆኖ ታተመ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የስብሰባው ውርደት አይደለም። እኔ እኮ በ2008 ዓ.ም. አገር ቤት ነበርኩ! የወጣሁት በ2010 ነው። ኤልኒኖ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ በሬዲዮ ነው፣ በየዜናው ይነሳ ነበር። ያን ዓመት ኖሬበታለሁ። ታዲያ ዓመቱ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ፣ በስሙ ተጽፎ፣ እንዴት አላወቅኩትም? መቼ ነው 2008 ሲባል በአእምሮዬ የፈረንጁ ቀድሞ መምጣት የጀመረው? ኪራይ ስፈርም፣ ቪዛ ሳሳድስ፣ ቀጠሮ ስይዝ፣ ቅጽ በቅጽ ሳላውቀው ተነጥቄያለሁ። ቋንቋ እንዳይጠፋኝ እጠነቀቅ ነበር፣ አቆጣጠሬ ይጠፋኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እና አንተ ልጅ፣ መምጣት ካልክ ጥቂት ነገር ስማኝ። ፎቶሾፕና ካንቫ ጥሩ ነው፣ ግን ይህ ስራ መሳል ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን መጠየቅ ነው። ማን ቆጠረው፣ መቼ፣ በምን አቆጣጠር፣ ያልተቆጠረው ማነው? ኤክሴልን እስከ ጥግ እወቅ፣ አር ወይም ፓይተን የሚባሉትን የኮድ ቋንቋዎች ተማር፣ ሁለቱም በነጻ ናቸው፣ እዚያው ሆነህ ትችላለህ። ቀለም ስትመርጥ ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ብዙ ወንዶች እንዳሉ አስብ። ካርታ ስትስል ሰፊ መሬት ብዙ ሰው ማለት እንዳልሆነ አትርሳ፤ ክልሉን በሙሉ በአንድ ቀለም ብትሞላው ሶማሌና አፋር ካርታውን ይውጡታል፣ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት ደጋ ደግሞ ይጠፋል።

ጀርመን በፍሪላንስ መኖር ደግሞ የተለየ ነገር ነው። ስራ ባልገባበት ወርም የጤና መድን ትከፍላለህ፣ ግዴታ ነው። የአርቲስቶች ማኅበራዊ ካዝና ከተቀበለህ የመድንህንና የጡረታህን ግማሽ ይሸፍንልሃል፣ ዲዛይነርም ይገባል፣ ግን ስራህን በማስረጃ ማሳየት አለብህ። ከተከፈለህ ላይ የግብሩን ቀድመህ ለብቻ አስቀምጥ። ይህን የማያደርጉ ልጆች በሁለተኛው ዓመት ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ "ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ኢትዮጵያን አውቃለሁ" ብለህ ራስህን አትሽጥ። ያልገባህን ሳታፍር ጠይቅ።

ይህን ሁሉ በድምጽ ላክሁለትና፣ ለሙከራ ብዬ ራሴ የፈጠርኩት ትንሽ ሰንጠረዥ ጨመርኩለት። ከላይ 2006፣ 2007፣ 2008 ብቻ ነው የሚለው፣ ሌላ ምልክት የለውም። "እስቲ ግራፍ አድርገው" አልኩት። ወጥመድ ነበር፣ አልደብቅም።

ጠዋት ላከልኝ። ቀለሙ በዝቷል፣ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል። ከታች ግን በእያንዳንዱ ዓመት ስር፣ ማንም ሳያዘው፣ "ዓ.ም." ብሎ ጽፏል። ደወልኩለት። "ዓ.ም. መሆኑን እንዴት አወቅክ?" አልኩት። ጥያቄው ግራ ገባው መሰለኝ ትንሽ ዝም አለ።

"እህት ዓለም" አለኝ፣ "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"