ብር ከመክፈላችሁ በፊት ነጥባችሁን ቁጠሩ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ቤቴ መጣች። ቡናው ገና ቶና ላይ ሳይደርስ "ጋሼ፣ የካናዳ ፕሮሰስ ልጀምር ነው" አለችኝ። ነርስ ናት፣ እዚሁ ጅማ ነው የምትሠራው፤ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሞላት። ሄርማታ አካባቢ አንድ ሰው አግኝታ ለማስጀመሪያ 30 ሺህ ብር አምጪ ብሏታል።

"ምን ምን ያስፈልጋል አለሽ?"

"ዲግሪና ፓስፖርት ካለሽ ሌላውን ለእኔ ተዪው ነው ያለኝ።"

ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም። እኔንም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሰው ነው ያስከፈለኝ። አይኤልትስ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተና ያስፈልግሃል ብሎ አካዳሚክ የሚባለውን ዓይነት አስመዘገበኝ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ አልጋ ይዤ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት ይዤ ተመለስኩ። በኋላ ራሴ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ለሚባለው የካናዳ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ የሚቀበሉት ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለውን እንጂ አካዳሚኩን እንዳልሆነ ያወቅኩት። የፈተናው ብር ቀለጠ። ሰውየውም ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የያዘ ልጅ ሳገኝ ብዙው "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" ይለኛል። ካናዳ አመልካቹን የምትለየው በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በሥራ ልምድና በቋንቋ በሚሰጥ ነጥብ ነው። ነጥብህ ስንት ነው ስለው ግን ዝም። ነጥቡን ለመቁጠር እኮ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፣ መስፈርቱ በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጧል።

እኛም የቡናውን ረከቦት ገፋ አድርገን ቆጠርን።

ካናዳ ሠርቶ ለማያውቅ ባለዲግሪ የሚሆነው የፌዴራል የሠለጠነ ሠራተኛ የሚባለው መንገድ ነው። ከ100 ቢያንስ 67 ነጥብ ይጠይቃል። ዕድሜ ከ18 እስከ 35 ከሆነ ሙሉ 12 ይሰጣል፤ እሷ 29 ናት፣ 12 ያዝን። ዲግሪዋ ከካናዳ ባችለር ጋር እኩል ነው ተብሎ ከተገመገመ 21። የሦስት ዓመት ሥራ 11። ድምሩ 44። እዚህ ላይ ፊቷ በራ።

ቋንቋው ቀረ። ዝቅተኛው በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ሲኤልቢ 7 የሚባል ደረጃ ነው፤ በአይኤልትስ በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር በእያንዳንዱ 6 ማምጣት ማለት ነው። አማካዩ 7 ሆኖ በአንዱ 5.5 ከመጣ አይሆንም። ዝቅተኛውን ያመጣ ሰው 16 ነጥብ ያገኛል። 44 እና 16፣ 60።

"ታዲያ አልፌያለሁ?"

አላለፈችም። ሰባት ነጥብ ይጎድላታል። ዝቅተኛውን መስፈርት አሟልተሽም ትወድቂያለሽ፣ ይሄን ነው ደላላ የማይነግርሽ። አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ሲኤልቢ 8 ብታመጣ ቋንቋው 20 ይሆናል፣ ድምሩ 64፣ አሁንም አይበቃም። ሲኤልቢ 9 ስታመጣ ነው 24 ሆኖ 68 የሚሞላው። ለዚያ በማዳመጥ 8፣ በሦስቱ ደግሞ 7 ያስፈልጋታል። ባለትዳር ብትሆንና ባሏ ሲኤልቢ 4 ቢያመጣ፣ ወይም ካናዳ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ቢኖራት፣ 5 ነጥብ ይጨመርላት ነበር። ሁለቱም የላትም። ዕድሜዋን መቀነስ አትችልም፣ ዲግሪዋም ያው ነው፣ የሥራ ልምዱ ከ11 ወደ 13 እስኪያድግ አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት። ዛሬ በእጇ ያለው እንግሊዝኛዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ 30 ሺህ ብር ወደ ፈተናና ወደ ጥናት ይሂድ አልኳት፣ ከልቤ ነው ያልኳት።

67 ማምጣት ደግሞ በሩን ነው የሚከፍተው። ከዚያ ስምሽ ብዙ ሰው ያለበት መዝገብ ውስጥ ይገባና ከ1,200 በሚቆጠር ሌላ ነጥብ ትወዳደሪያለሽ። እዚያ ዕድሜ ከ30 ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል። ቋንቋው እዚያም ብዙ ነጥብ ይይዛል። ከ2023 ወዲህ ለጤና ባለሙያዎችና ፈረንሳይኛ ለሚችሉ ለብቻ የሚደረግ ምርጫ መጥቷል፤ ለነርስ ጥሩ ዜና ነው። ግን የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘትና በነርስነት መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሥራው የምትሄጂበት ክፍለ ሀገር የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ገንዘቡን በአጭሩ ልናገር። ካናዳ ገብተሽ መቋቋሚያ የሚሆን ብር እንዳለሽ ታሳያለሽ፣ መጠኑ በቤተሰብ ብዛት ነው፣ በየዓመቱ ይከለሳል። ከዘመድ ለሳምንት ተበድሮ ሒሳብ ውስጥ አስገብቶ ስቴትመንት ማውጣት የተለመደ ነው፣ አይሠራም። የተበደሩት ገንዘብ አይቆጠርም፣ ባንኩ የሚጽፈው ደብዳቤም ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ ሒሳብ ማሳየት አለበት።

ብዙ ሰው የሚጠለፈው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ነው። የእኛ አገር ደብዳቤ ታውቁታላችሁ። "ለሚመለከተው ሁሉ" ይልና ስም፣ የሥራ መደብ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ደመወዝ፣ ግብር ተከፍሏል፣ ማኅተም። ግማሽ ገጽ። እነሱ የሚፈልጉት ምን ምን ሥራ ትሠሪ እንደነበር ተዘርዝሮ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፎ ነው። ሙሉ ሰዓት የሚሉት በሳምንት 30 ሰዓት ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ የተሠራ፣ የተከፈለበት፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የሆነ መሆን አለበት። ተማሪ ሆናችሁ ያለ ክፍያ የወጣችሁት ልምምድ አይገባም። እኛ ጋ ደግሞ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ሊጻፍ ይችላል፣ በአማርኛም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ መተርጎም አለባቸው። ቢሮው ራሱ በእንግሊዝኛ ከጻፈላችሁ ግን ተገላገላችሁ።

የሰው ኃይል ክፍል ያሉትን ሰዎች አትጣሏቸው። ያላቸውን ፎርም ነው የሚሞሉት። የምትፈልጉትን አርቅቃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በትሕትና አስረዷቸው።

የአክስቴ ልጅ ለሰውየው ብሩን አልሰጠችም። ጄኔራል ትሬኒንጉን ልትመዘገብ ነው፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ መጀመሪያ ሦስት ወር እናጥና ብለናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጋ እየመጣች ትጽፋለች፣ እኔ አርማለሁ። የመጻፍ ክፍሉ ነው የሚከብዳት።

ደብዳቤዋ ትናንት ተፈርሞ መጣ። ሥራዋ ተዘርዝሯል፣ በሳምንት የምትሠራው ሰዓትም ተጽፏል። በደስታ ደውላ አነበበችልኝ። የተቀጠረችበት ቀን ላይ ስትደርስ አስቆምኳት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፉት፣ አቆጣጠሩንም አልገለጹም። ካናዳ ያለው መርማሪ በፈረንጆቹ ነው ብሎ ካነበበው ገና አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለች ነርስ ሆና ተቀጥራለች ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ይዛው ትመለሳለች።