ማዘዣውን የተሸከመችው እናት

«የጋራ ኃላፊነት»፣ «መከባበር»፣ «የቡድን መንፈስ» የሚባሉት ጽንሰ ሐሳቦች በሥልጠና አዳራሽ ሲነሡ ሁላችንም እንስማማባቸዋለን። እኔ ግን እዚህ ጎንደር በነርስነት ሳገለግል ትርጉማቸውን የተረዳሁት በአንዲት የመድኃኒት ማዘዣ ምክንያት ነው።

አንድ ጠዋት በሕፃናት ክፍል ራውንድ (ሐኪሞች ሕሙማንን አልጋ በአልጋ እየዞሩ የሚያዩበት ጉብኝት) ላይ ሐኪሙ ለአንድ ሕፃን ያዘዙት ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መጠን ከክብደቱ ጋር እንደማይሄድ አስተዋልሁ። በወላጆችና በተማሪዎች ፊት መናገር ድፍረት መስሎ ስለታየኝ ራውንዱ እስኪያልቅ ዝም አልሁ። በዚህ መካከል እናቲቱ ማዘዣውን ይዛ ወደ ፋርማሲው መስኮት ሄዳለች። ፋርማሲስቱም ስህተቱን አይቶ ነበር፤ ሆኖም ስልክ አንሥቶ ሐኪሙን እንደ መጠየቅ «ይስተካከልና ይምጣ» ብሎ ወረቀቱን በእናቲቱ እጅ መለሰው። ሁለት ባለሙያዎች ያወቁትን ስህተት ይዛ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ የዋለችው ስለ ሚሊግራም ምንም የማታውቅ፣ ልጇ የታመመባት ሴት ነበረች። መድኃኒቱ ሳይሰጥ ታረመ፤ ድካሟን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሐኪሙ ሲነገራቸው አመስግነው ወዲያው አርመዋል። ስለዚህ አፋችንን የያዘን ጠብ ወይም ቁጣ ሳይሆን ይሉኝታ ነበር፤ መከባበርን አለመናገር አድርገን ወስደነዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ባጠናችበት ጊዜ በደንብ የሚግባቡት ቡድኖች ብዙ ስህተት ሲያሳውቁ ያገኘችውም፣ አብዝተው ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ሳይፈሩ ስለሚነጋገሩበት እንደሆነ ተረድታለች።

ይህ ለከተማችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን እያሠለጠነ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው ይልካቸው ነበር። አብረው የሠለጠኑ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሙያ ያውቃሉና ለመጠየቅ አይሳቀቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መቆጣጠሪያ ቅጽም፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት እያንዳንዱ የቡድኑ አባል ስሙንና ድርሻውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ «ሲስተር» ብቻ ተብላ የምትጠራ ነርስ በስሟ ስትታወቅ ጥርጣሬዋንም ለመናገር ይቀላታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን በክፍላችን የፋርማሲው ስልክ ቁጥር ማዘዣ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል። መጠን ካጠራጠረን እኛው እንደውላለን፤ እናትየዋ ከልጇ አልጋ አትነሣም።