ኦዝቦርን ቤት ሄጄ ዓለማየሁን ሳስብ

ቅዳሜ ከሳውዝሃምፕተን በመርከብ ተሻግሬ ዋይት ደሴት ገባሁ። ኦዝቦርን ቤትን ለማየት ስንት ጊዜ አስቤ ስንት ጊዜ ትቼዋለሁ።

የንግሥት ቪክቶሪያ የገጠር መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1851 ባሏ አልበርት ከግንበኛው ቶማስ ኩቢት ጋር ሆኖ አሠራው፤ እሷም በ1901 ያረፈችው እዚሁ ነው። አያያዛቸው ይገርማል። ባልና ሚስቱ ይሠሩባቸው የነበሩት ሁለት ጠረጴዛዎች አሁንም ጎን ለጎን ናቸው።

እኔን የወሰደኝ ግን ልዑል ዓለማየሁ ነው። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚህ ነው፣ በሐምሌ 1868። ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ ሦስት ወር፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ታመው ካረፉ ገና ሁለት ወር።

ከሁሉም ያቆመኝ የእብነ በረዱ ነገር ነው። የንግሥቲቱ ልጆች ሕፃን ሳሉ እጅና እግራቸው በእብነ በረድ ተቀርጿል። ድቡልቡል ተረከዝ፣ ደቃቃ የእግር ጣቶች፣ እጁ ላይ እንኳ ያቺ የሕፃን ስርጉድ አለች። ግቢው ውስጥ ያለው ስዊስ ኮቴጅ ጋ ደግሞ ልጆቹ አትክልት ሲኮተኩቱ የሚገፏቸው ትንንሽ ጋሪዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደል ተጽፎበት። የእናት ፍቅር ነው፣ አልፈርድባትም።

ያኛው ልጅስ? በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሲሞት፣ በሰው አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻውን መሆኑን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ አዝናለታለች። ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በ2023 ዘመዶቹ አፅሙ ይመለስልን ሲሉ፣ ቤተ መንግሥቱ አጠገቡ ያረፉትን ሳይነካ ማውጣት ይቻላል ማለት እጅግ እንደሚያጠራጥር መለሰ። የሕፃናት የእግር ጣት በእብነ በረድ ቀርጾ ከ160 ዓመት በላይ እንዲህ ተንከባክቦ ያቆየ ሰው፣ ለአንድ ልጅ አፅም መላ ያጣል? ሆዴ አልቀበል አለ።

ውጭ ወጥቼ ባሕሩን አየሁ። አልበርትን የኔፕልስን ባሕር ያስታውሰው ነበር ይባላል። ሐምሌም ሆኖ ነፋሱ ይጋረፋል። ዓለማየሁ የደጋ ልጅ ነው፣ ብርዱን ይችለው ይሆናል። ባሕርን ግን መጀመሪያ ያየው እናቱን ከቀበረ በኋላ ነው።